ዩራኒዲ፦ በቀን የሚበሩት የእሳት እራቶችና ብዙኃኑ ዘመዶቻቸው

«የእሳት እራት» የሚለው ስም የሚስማማው ማታ ማታ ብርሃን ባየ ቁጥር እየተወረወረ ለሚቃጠል ፍጥረት ነው። ዩራኒዲ ከሚባለው የሐሩር አገር ቤተሰብ ዝነኞቹ ግን ስማቸውን አይመስሉም። በጠራራ ፀሐይ ይበራሉ፤ በቀለም ደግሞ ስንቱን ቢራቢሮ ያስንቃሉ። ድሩ ድሩሪ የተባለው እንግሊዛዊ ነፍሳት ሰብሳቢ እ.ኤ.አ. በ1773 የማዳጋስካሩን ክሪሲሪዲያ ሪፊየስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገልጽ ከቢራቢሮዎች ወገን መድቦት ነበር። አይፈረድበትም፤ ባለ ጭራ ክንፉን ያየ ሁሉ እንደዚያው ይላል።

የዚህ ክንፍ ቀለም የሚገርመው አብዛኛው ቀለም አለመሆኑ ነው። በክንፉ ላይ እንደ ጣራ ክዳን የተደራረቡት ደቃቅ ቅርፊቶች በስስ ንብርብር የተሠሩና ጎበጥ ያሉ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ከአንዱ ቅርፊት ወደ ጎረቤቱ እየነጠረ ይመለሳል፤ አረንጓዴው፣ መዳብ መሳዩና ወርቃማው ከዚያ ይወለዳል። ክንፉን ትንሽ ዘንበል ቢያደርጉት ሌላ ቀለም ይታያል።

ቤተሰቡ ወደ 700 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲኖሩት በአራት ንዑስ ቤተሰቦች ይከፈላል፤ ዩራኒኔ፣ ኤፒፕሌሚኔ፣ ማይክሮኒኔ እና አውዜኔ። መጻሕፍትን የሚያስጌጡት ከዩራኒኔ የተገኙት ናቸው። ብዛቱ ያለው ግን ኤፒፕሌሚኔ ውስጥ ነው፤ ትንንሽ፣ ግራጫና ቡናማ፣ ሲያርፉ የፊት ክንፋቸውን እንደ ወረቀት የሚጠቀልሉ ናቸው። ማይክሮኒኔዎች ነጣ ያሉ፣ ግራጫ መስመር የተሰመረባቸው ናቸው። ከዩራኒኔም ቢሆን ሁሉም የቀን በራሪ አይደለም፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያው ግዙፍ ሊሳ ዛምፓ ቡናማ ለብሶ ሌሊት ይወጣል፣ መብራትም ይስበዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የማይመሳሰሉትን ምን አንድ አደረጋቸው? ጆሮ። የመስሚያ አካላቸው ሆዳቸው ላይ ሲሆን በወንዱና በሴቷ የተለያየ ቦታ ይገኛል፤ በሴቷ ሆዷ ከደረቷ በሚጋጠምበት ግርጌ፣ በወንዱ ደግሞ ከዚያ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ በጎኑ ላይ። በሌሎች የእሳት እራቶች ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም፤ ለመደብ አውጪዎች ከዚህ የተሻለ መታወቂያ አይገኝም።

የክሪሲሪዲያና በአሜሪካ አህጉር የሚኖረው የዩራኒያ አባጨጓሬዎች የሚበሉት ኦምፋሊያ የሚባለውን መርዛማ ተክል ብቻ ነው። ተክሉ ደጋግሞ ሲበላ መርዙን እንደሚያጠነክር ይታመናል፤ የመካከለኛው አሜሪካው ዩራኒያ ፉልገንስ በአንዳንድ ዓመታት መንጋ ሠርቶ ረጅም ርቀት የሚሰደደውም በዚህ ሰበብ ነው ይባላል። በአንድ ተክል መታመን ግን አደጋ አለው። ጃማይካ ውስጥ ይኖር የነበረው ዩራኒያ ስሎነስ የቆላ ደኖች ከተመነጠሩ በኋላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጠፍቷል። ዛሬ የሚታየው በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተሰክቶ ነው።