የግዙፍ ጭራቅ ኮሚክስ ስብስብ ዳግም ኅትመት ምንድን ነው?

ስብስብ ዳግም ኅትመት የሚባለው፣ ድሮ በቀጭን መጽሔት እየተቆራረጡ የወጡ የስዕል ታሪኮችን ሰብስቦ፣ ገጾቻቸውን አጽድቶ በአንድ ጥራዝ እንደገና ማተም ነው። ያንኑ ታሪክ የያዙ ሁለት ጥራዞች ግን በጥራት ሰማይና ምድር ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ገጹ ከምን ላይ ተገልብጦ፣ በምን ወረቀት ላይ እንደታተመ ነው። በአሜሪካ በ1960 ዓመተ ምሕረት አካባቢ የወጡት የግዙፍ ጭራቅ ኮሚክሶች ይህን በደንብ ያሳያሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

የአሜሪካ አሳታሚዎች በ1954 ያጸደቁት የኮሚክስ ደንብ ደም መጣጭን፣ ከመቃብር የሚነሣ ሙትንና ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰውን ከለከለ። ከባሕር የወጣ ወይም ከጠፈር የወረደ፣ ሕንፃ የሚያህል ፍጡር ግን በደንቡ አልተነካም። በዚያው ዓመት ጃፓን ግዙፉን ጭራቅ ጎድዚላን ለሲኒማ አበቃች፤ በ1956ም ፊልሙ ለአሜሪካ ተመልካች ተሰናድቶ ቀረበ። በኋላ ማርቭል ተብሎ የታወቀው አሳታሚ በሰዓሊው ጃክ ከርቢ እጅ ግሩት የተባለውን ጭራቅ በ1960፣ ፊን ፋንግ ፉም የተባለውን በ1961 አወጣ። በኮነቲከት ግዛት በደርቢ ከተማ የነበረው አሳታሚ ቻርልተን ደግሞ ኮንጋና ጎርጎ የተባሉትን ጭራቆች ከፊልም ወደ ኮሚክስ አመጣ፤ የመጀመሪያዎቹን እትሞች የሣላቸው ስቲቭ ዲትኮ ነው። ልጇን ፍለጋ ለንደንን የምታተራምሰውን የጎርጎን እናት የመሰለ ልብ የሚነካ ጭራቅ በዚያ ዘመን ኮሚክስ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

የያኔው መጽሔት ከሽፋኑ ሌላ 32 ገጽ ነበረው። ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን በ1962 ወደ 12 ከፍ ብሏል። ወረቀቱ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ ቀለሙን ይመጥጣል፣ በዓመታት ውስጥም ይቢጫል። ስዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ አንድ ሁለት ገጽም ይገባበት ነበር፤ ፖስታ ቤት ለመጽሔት የሚሰጠው ርካሽ የመላኪያ ዋጋ ይህን ይጠይቅ ስለነበር። «ሙሉ እትም» የተባለ ጥራዝ ስታገኙ መጀመሪያ እነዚህን ገጾች ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሁሉ የተሻለው ምንጭ ሰዓሊው በእጁ የሠራበት ወረቀት ነው፤ በዚያ ዘመን ስዕሉ ከታተመው ገጽ በሁለት እጥፍ ገደማ ተልቆ ይሠራ ስለነበር ጥቃቅኑ መስመር ሁሉ ይታያል። ግን አብዛኛው ተበታትኗል ወይም ጠፍቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ገጹ ለማተሚያ ፎቶ የተነሣበት ፊልም ነው። ይህ ጥቁሩን መስመር ጥርት አድርጎ ይሰጣል፤ ቀለሙ ግን ከዜሮ ይሠራል። ሁለቱም ሲታጡ የቀረው ያረጀውን መጽሔት ራሱን ስካን ማድረግ ነው።

መጽሔቱ ስካን ሲደረግ ከገጹ ጀርባ ጥቁር ወረቀት ይደረጋል፤ አለበለዚያ በስስ ወረቀቱ በኩል የጀርባው ስዕል እንደ ጥላ ያልፋል። ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ካልተነሣ የድሮውን ቀለም የሠሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ሲታተሙ ከአዲሱ ማተሚያ ነጠብጣብ ጋር ይጋጩና ገጹ ላይ የሞገድ ቅርጽ ያወጣሉ። ከዚያ ቢጫው ይነሣል፣ ጥቁሩ ይጠነክራል። ብዙ የሚበላሸውም እዚህ ነው። አጽጂው እጁን ካበዛ የዲትኮ ቀጫጭን የጥላ መስመሮች ይቆራረጣሉ፤ የጭራቁ ቅርፊት ጠፍጣፋ ልጥፍ ይመስላል። እጁን ካሳነሰ ደግሞ ገጹ ሻይ እንደፈሰሰበት ይቀራል። ጥቂት ቢጫ መተው መስመር ከማጥፋት ይሻላል።

የቀለሙ ጉዳይ ከወረቀቱ አይለይም። የዚያን ጊዜ ቀለም ቀቢ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫን በተወሰነ መጠን እያደባለቀ 64 ያህል ቀለማት ብቻ ነበሩት፤ ሲመርጣቸውም ጋዜጣ ወረቀት እንደሚያደበዝዛቸው ያውቃል። ያንኑ ምርጫ በሚያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት ላይ ስታትሙት ቀለሙ ይጮኻል፤ ሰማዩም ጭራቁም እኩል ዓይን ይወጋሉ። ለዚህ የማያብረቀርቅ፣ ትንሽ ወደ ክሬም የሚያደላ ወረቀት ይመረጣል።

ቃላቱም ይፈተሹ። ማርቭል በ1970ዎቹ እነዚህን ታሪኮች በመጽሔት መልክ ዳግም ሲያትም አንዳንዱን ለውጧል። በ1960 «ኸልክ» የሚል ስም የነበረው ጸጉራም የጠፈር ጭራቅ፣ በ1962 በዚያው ስም ታዋቂው ጀግና ስለመጣ፣ በዳግም ኅትመቱ «ታይታን» ተባለ። ከ1970ዎቹ ቅጂ የተገለበጠ ጥራዝ ይህን ለውጥ አብሮ ይወስዳል።

የቻርልተንን ታሪኮች የተለያዩ ትንንሽ አሳታሚዎች ሲያወጧቸው የምታዩት ከቅጂ መብት የተነሣ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የታተመ ሥራ በ28ኛው ዓመት መብቱ መታደስ ነበረበት፤ ካልታደሰ ማንም ሊያትመው የሚችል የሕዝብ ሀብት ይሆናል። ለ1960 እስከ 1963 እትሞች የማደሻው ጊዜ ከ1988 እስከ 1991 ነበር፤ ቻርልተን ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ኮሚክስ ማተሙን አቁሞ ነበር። ይህ ለሁሉም አይሠራም፤ ከፊልም የመጣ ገጸ ባሕርይ የፊልሙ መብት ይከተለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እትም ለብቻው ይጣራል።

ጥራዙን ከመግዛታችሁ በፊት መሃሉ ላይ ገልጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። በሙጫ ብቻ የተጣበቀና ብዙ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ አይተኛም፤ በኃይል ሲገለጥ ጀርባው ይሰነጠቃል። በክር የተሰፋው ይተኛል። ከዚያ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ያሉትን የንግግር አረፋዎች አንብቡ፤ የመጀመሪያው ፊደል ወደ ስፌቱ ከገባ አሳታሚው ኅዳጉን አላሰፋም ማለት ነው፤ ከስዕሉም የጭራቁ ክንድ ወይም ጅራት በዚያው ተውጦ ይቀራል።