«ኤልኢዲ አይሞቅም» እና ሌሎች የኮራል መብራት ስህተቶች

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ፤ የምኖረው ሻርጃ ሲሆን ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ የማሳልፈው በጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ በማሳደግ ነው። የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ባሕርን ሳሎኑ ውስጥ አስገብቶ መቀመጡ ለወዳጆቼ መሳቂያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሆኖም ከሳቁት መካከል ጥቂቶቹ ውለው አድረው ራሳቸው ገንዳ ገዙ፣ መብራቱንም ኤልኢዲ ከሚባሉት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ አምፖሎች በገዛ እጃቸው ሊሠሩ ተነሡ። ሲበላሽባቸው ይዘውት የሚመጡት ወደ እኔ በመሆኑ፣ ያንኑ ስህተት ከተለያየ ሰው አፍ መስማት ከሰለቸኝ ቆይቷል።

«ለዓይን የደመቀ መብራት ለኮራልም ይበቃል» የሚለው ቀላሉ ስህተት ነው። ሉመን የሚባለው መለኪያ የሰውን ዓይን መሠረት ያደረገ ነው፤ ዓይናችን ደግሞ ይበልጥ የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን አረንጓዴ ብርሃን ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትና የሚመግቡት ጥቃቅን አልጌዎች ግን በብዛት የሚጠቀሙት 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ፓር የሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን ይቆጥራል፤ ለለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ቅርንጫፍ ለሚያወጡት ጠንካራ ኮራሎች ከ200 እስከ 350 ማይክሮሞል (በካሬ ሜትር በሰከንድ) በተለምዶ በቂ ነው።

«ቀይ ኤልኢዲ ካልበዛበት አያድግም» ለሚሉት ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ቀይ ብርሃን ባሕር ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ተውጦ ስለሚቀር፣ ከዚያ በታች ያለው ኮራል ያለ እርሱ ኖሯል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ኤልኢዲ አይሞቅም» የሚለውን አባባል ከማን እንደተማሩት አላውቅም፤ ምናልባት ሲበራ ፊቱን በእጃቸው ነክተው ቀዝቃዛ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል። የድሮው አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር ወደ ፊት ስለሚረጭ እጅን ያቃጥላል። ኤልኢዲ ግን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጀርባው በኩል፣ በተቀመጠበት ብረት ውስጥ አሳልፎ ነው። ስለዚህ ፊቱን መንካት ስለ ሙቀቱ ምንም አይነግርም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በተለምዶ «ባለ 3 ዋት» የሚባለው ሰማያዊ ኤልኢዲ በ700 ሚሊአምፔር ሲሠራ 3.2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ይህም በግምት 2.2 ዋት ነው። 24ቱ ሲደመሩ ከ50 ዋት በላይ ይሆናሉ። ግማሹ ወደ ብርሃን ተለወጠ ብንል እንኳ ከ25 ዋት ያላነሰ ሙቀት ይቀራል፤ ይህ ደግሞ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ብረት ከሚወስደው ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚህ ብረት የብየዳ ሽቦ የሚያቀልጥ ሰው ያንኑ ያህል ሙቀት በጣውላ ሳጥን አፍኖ «አይሞቅም» ሲለኝ ትዕግሥቴ ያልቃል።

አንድ ወዳጄ ያደረገው ይኸንኑ ነበር። 24 ኤልኢዲዎችን በስስ ቆርቆሮ ላይ በተራ ሙጫ ለጥፎ፣ ላዩን በጣውላ ሳጥን ሸፈነው። በመጀመሪያው ሳምንት ገንዳው ሲያበራ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ኮራሎቹ ሁሉ ቡናማ ሆኑ። እርሱም ጥፋቱን በውኃው ላይ አሳብቦ ካልሲየም ገዛ፣ ጨው ለወጠ፣ ማጣሪያ ቀየረ። መብራቱን አምጥቶልኝ ስፈታው የኤልኢዲዎቹ ክዳን ቢጫ ሆኖ፣ ሙጫውም ደርቆ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ኮራል ብርሃን ሲያንሰው አልጌውን ያበዛል፣ በዚህም ቡናማ ይሆናል። ሙቀት ቀስ በቀስ ብርሃኑን ሲቀንስበት ሰውየው በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡን አላስተዋለም።

መፍትሔው ክንፍ ያለው ወፍራም የአሉሚኒየም ሙቀት ማስወጫ ነው፤ ከላዩም በዝግታ የሚዞር ቬንቲሌተር ቢጨመርበት ይመረጣል። ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ስስ ሆኖ ይቀባ፤ እንደ ቅቤ የሚያወፍሩት አሉ፤ ነገር ግን ቅባቱ ሙቀት በማስተላለፍ ከአየር እንጂ ከአሉሚኒየም አይበልጥም፤ ሥራውም ጥቃቅን ክፍተቶችን መሙላት ብቻ ነው። ኤልኢዲው በሙጫ ሳይሆን በብሎን ይታሰር። ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ማስወጫው ከክፍሉ አየር 25 ዲግሪ ከፍ ብሎ የሚሠራ ከሆነ፣ በ22 ዲግሪ ክፍል 47 ይሆናል፤ ኤሲ በጠፋበት 38 ዲግሪ ክፍል ግን 63 ይደርሳል። ማስወጫውን እጅ አሳርፎ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ካልተቻለ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት «ቮልቱ ከተመጣጠነ የትኛውም ቻርጀር ያበራዋል» የሚለው ነው። ኤልኢዲ ሲሞቅ የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል፤ ቮልቱን ብቻ የሚጠብቅ ቻርጀር ላይ ከታሰረ ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ደግሞ ይብሱን ይሞቃል። ስለዚህ ከረንቱን የሚቆጣጠር ድራይቨር ያስፈልጋል። 12 ኤልኢዲ በተከታታይ ሲታሰር 38 ቮልት አካባቢ ስለሚፈልግ፣ ይህ ቁጥር በድራይቨሩ የውጤት ክልል ውስጥ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁለት ረድፎችን በአንድ ድራይቨር ላይ ጎን ለጎን ማሰር ርካሽ ይመስላል፤ አንዱ ረድፍ የተቋረጠ ቀን ግን የሁለቱ ከረንት በቀረው ላይ ይወርዳል።

«ቮልቱ ትንሽ ስለሆነ አደጋ የለውም» የሚሉትም አሉ። ትንሹ ከድራይቨሩ የሚወጣው እንጂ የሚገባው አይደለም፤ በመግቢያው ያለው የግድግዳው 220 ቮልት ነው፣ ከሥሩም ጨው ውኃ አለ። ድራይቨሩ ከገንዳው በላይ አይቀመጥ፤ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቀለስ ብሎ ይውረድ፣ ጠብታ ቢመጣ እዚያ እንዲወድቅ። 30 ሚሊአምፔር ከረንት ወደ መሬት ሲያፈተልክ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ መከላከያ መኖሩ ይጣራ፤ የብረት አካሉም ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኝ። ከኤልኢዲው ሥር አክሪሊክ የሚባለው ግልጽ ፕላስቲክ ካልተደረገ የጨው ብናኝ ብየዳውን ይበላዋል።

«ራስ ሲሠሩት ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ አሉሚኒየሙና ድራይቨሩ ብዙ ጊዜ ከኤልኢዲዎቹ የበለጠ ገንዘብ ያስወጣሉ።

የመጨረሻው «ብርሃን በበዛ ቁጥር ኮራል ይፈጥናል» የሚለው ነው። ለዚያው ወዳጄ መብራቱን እንደ አዲስ ሠርቼ ስሰጠው፣ ከሙሉው ኃይል 30 በመቶ ላይ እንዲጀምርና በየሳምንቱ ጥቂት በመቶ ብቻ እየጨመረ እንዲሄድ ነገርኩት። እርሱ ግን ለወራት ብርሃን ያጡትን ለመካስ ብሎ በመጀመሪያው ቀን 100 በመቶ አደረገው። ጨለማ የለመደ አልጌ ድንገት ብርሃን ሲበዛበት ለኮራሉ ጎጂ ነገር ያመነጫል፣ ኮራሉም አልጌውን ያባርራል። በአምስተኛው ቀን ደውሎ «ነጭ ሆኑ» አለኝ። ከዘጠኙ አራቱ ሞቱ። አምስቱ ቀለማቸው እስኪመለስ ሁለት ወር ፈጀ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት የመብራቱ መቆጣጠሪያ እኔ ቤት ነበር።