ፊቱን የሸፈነ ፖሊስ፦ የካሊፎርኒያው ክልከላ

አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ ቢያስቆምህ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ነው። ከዚያ ደረቱ ላይ ያለውን ስም ወይም ቁጥር ታያለህ። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 627 ስለ ፊቱ ነው። ሐሳቡን ሴናተር ስኮት ዊነር አቀረቡ፤ አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሴፕቴምበር 20 ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ ፈረሙበት። የከተማና የካውንቲ ፖሊስም ሆነ የፌዴራል ወኪል ከሕዝብ ጋር ሲሠራ ፊቱን መሸፈን እንዳይችል ይከለክላል።

ሕጉ በሽታ መከላከያ ማስክን፣ የሞተር ሳይክል ሄልሜትን፣ ፊትን የማይደብቅ መስታወት መሰል መከለያን ይፈቅዳል። ማንነቱን ደብቆ የሚሠራ መርማሪንም አይነካም። ፊቱን ሸፍኖ ሰውን ያላግባብ ያሰረ ግን ለተበዳዩ ቢያንስ 10,000 ዶላር ካሳ ሊከፍል ይችላል።

ነገሩን ያቀጣጠለው ሰዉ ባጭሩ «አይስ» የሚለው የኢሚግሬሽን ፖሊስ ነው። ማርች 25 ቀን 2025 በማሳቹሴትስ፣ ሶመርቪል ውስጥ አንዲት ቱርካዊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለኢፍጣር ወደ ጓደኞቿ እየሄደች ነበር። የጥበቃ ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ አለ። የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች ከበቧት፣ እጇን ያዟት፣ ስልኳን ወሰዱባት። ፊታቸው ተሸፍኗል። «ፖሊስ ነን» ሲሉ ከዳር የሚሰማ ድምፅ ፖሊስ እንደማይመስሉ ይነግራቸዋል፤ ፊታቸውን ለምን እንደሚደብቁም ይጠይቃቸዋል። እኔም ቪዲዮውን ሳየው ጠለፋ ነው የመሰለኝ።

በጁን ወር የአይስ አሰሳ ሎስ አንጀለስ ገባ። መኪና አጠባ ቤቶችና የቀን ሠራተኛ የሚቆምባቸው መደብሮች ደጃፍ ሳይቀር ሰው ታፈሰ። ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው «ሊትል ኢትዮጵያ» ከ2002 ጀምሮ በይፋ ስም ያገኘው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ወሬው ለሐበሻው የሩቅ አይደለም።

ወኪሎቹም የሚሉት አላቸው። ፎቷችንና አድራሻችን ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋል፣ ሚስትና ልጆቻችን ይዛትባቸዋል ይላሉ። ስጋቱን ከባዶ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ግን ጭምብል የለመደች ከተማ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው በምን ትለያለች? ጁን 14 ቀን 2025 በሚኒሶታ አንድ ሰው ፖሊስ መስሎ፣ ፊቱ ላይ ጭምብል አጥልቆ የሕዝብ ተወካዮችን በር አንኳኳ። ሜሊሳ ሆርትማንንና ባለቤታቸውን ገደለ።

አንድ አስቂኝ ነገር አለ። አሜሪካ የጭምብል ሕግ አዲሷ አይደለም። ኒው ዮርክ በ1845 ከልክላ ነበር፤ ጆርጂያም በ1951 ጭምብል ለባሹን የነጭ ዘረኞች ቡድን ኩ ክለክስ ክላንን አስባ ከለከለች። ያኔ ፊቱን እንዲገልጥ የታዘዘው ተራው ሰው ነበር።

አውሮፓ ውስጥ ጥያቄው ፍርድ ቤት የደረሰው ቀደም ብሎ ነው። በ2006 ዲያርባክር፣ ቱርክ ውስጥ አንድ ወጣት በአስለቃሽ ጭስ ቦምብ ተመትቶ ሞተ። ተኳሹ ፖሊስ ከዓይኑ በቀር ፊቱን የሚሸፍን ኮፍያ አድርጎ ስለነበር ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2014 በቱርክ ላይ ፈረደ። በ2017 ደግሞ ጀርመን ተራዋ ደረሰ፤ ሙኒክ ውስጥ ከኳስ ጨዋታ በኋላ ተመልካች ደበደቡ የተባሉት ፖሊሶች ሄልሜታቸው ላይ ስምም የግል ቁጥርም አልነበረም።

ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። የፌዴራሉ መንግሥት በኖቬምበር 2025 ክስ መሠረተ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026 ዳኛ ክሪስቲና ስናይደር ክልከላው በፌዴራል ወኪሎች ላይ እንዳይሠራ አገዱ። ምክንያታቸው ግን ብዙ ሰው የጠበቀው አልነበረም። ፊትን መግለጥ የወኪሎቹን ሥራ ያደናቅፋል አላሉም። ችግሩ ሕጉ የካሊፎርኒያን የራሷን የግዛት ፖሊስ ነፃ መተዉ ነው፤ የፌዴራሉን ግን ነካ። በእኔ እይታ ይህ በገዛ እጅ የተሠራ ስህተት ነው። የጎረቤትን ልጅ እየቆጡ የራስን ማለፍ እንደማለት። ስም ወይም ቁጥር አሳዩ የሚለውን ሌላውን የካሊፎርኒያ ሕግ ዳኛዋ በዚያ ውሳኔ አላገዱትም፤ እሱ ሁሉንም እኩል ይመለከታልና። ዊነርም ወዲያው የግዛቱን ፖሊስ የሚጨምር ማሻሻያ ይዤ እመጣለሁ አሉ።