ሃብታሙ ስፔንሰር፦ ለንደንን ለአንድ ዓመት በከንቲባነት የመራው ነጋዴ

ሰር ጆን ስፔንሰርን የዘመኑ ሰው «ሃብታሙ ስፔንሰር» ነበር የሚለው። ቅጽል ስሙ ማጋነን የለበትም። በ1610 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሞት ትቶት የሄደው ገንዘብ ሲያንስ 300 ሺህ፣ ሲበዛ 800 ሺህ ፓውንድ ተብሎ ተገምቷል። ለንጽጽር ያህል፣ ከለንደን ወጣ ብሎ የነበረውን ሰፊውን የካነንበሪ ርስት በ1570 የገዛው በ2 ሺህ ፓውንድ ነው። የቀረውን ሂሳብ ራሳችሁ አስሉት። በነገራችን ላይ ከልዕልት ዲያና ቤተሰብ፣ ከኦልቶርፕ ስፔንሰሮች ጋር እንዳታምታቱት፤ እዚያም ቤት ሰር ጆን ስፔንሰር የሚባሉ ነበሩ።

በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው የሰፎክ ልጅ ነው። ለንደን ገብቶ በጨርቅ ንግድ ተነሳ፤ ቀጥሎ ከስፔን፣ ከቬኒስና ከቱርክ ጋር መነገድ ጀመረ። በ1591 ከሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ጋር ሆኖ የትሪፖሊን ንግድ ለብቻው ይዟል ተብሎ ተከሷል። ለሌላው ቀዳዳ የሚተው ዓይነት ነጋዴ አልነበረም።

ያኔ ሲቲ የሚባለው የለንደን እምብርት አስተዳደር የነጋዴ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። ኦልደርማን የሚባሉ 26 ሹማምንት ነበሩ፤ ከንቲባው ከእነሱ መካከል ለአንድ ዓመት ይመረጣል፣ ከአሥራ ሁለቱ ታላላቅ የንግድና የሙያ ማኅበራት የአንዱ አባል መሆንም ይጠበቅበታል። ድግሱና ወጪው ከኪስ ስለሚወጣ ድሃ የሚያስበው ወንበር አልነበረም። ስፔንሰር በ1583 ኦልደርማን ሆነ፣ በ1594 ደግሞ ከንቲባ። ለማዕረጉ የሚመጥን ቤት ያስፈልጋል ብሎ ይመስላል፣ በቢሾፕስጌት የነበረውን ትልቁን ክሮዝቢ ፕሌስ ገዛና አሳደሰው።

የደረሰው ግን ክፉ ዓመት ነው። ዝናቡ አዝመራውን አበላሽቶ እህል ተወደደ። ስፔንሰር ማኅበራቱ እህል ገዝተው ብሪጅ ሃውስ በሚባለው የከተማው ጎተራ እንዲያከማቹ አዘዘ። ታዋቂው የባሕር ሰው ጆን ሆኪንስ ጎተራውንና የዳቦ ምድጃዎቹን ለባሕር ኃይሉ ስጠኝ ቢለው ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ እምቢ አለ። እዚህ ላይ አድናቂው ነኝ። ቲያትር ላይ ያለው አቋም ግን ሌላ ነው፤ በቴምዝ ማዶ አዲስ ቲያትር ቤት ሊሠራ ነው ሲባል እንዲከለከል ለንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዋና አማካሪ ለሎርድ በርሊ ጻፈ። አልተሳካለትም፣ ስዋን የተባለው ቲያትር ተሠራ።

በሰኔ 1595 የኑሮ ውድነቱ ወደ ረብሻ ተለወጠ። በየሱቁ ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ገበያ ውስጥ ቅቤ እየነጠቁ ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ ሸጡ፤ ከንቲባውን አምርረው ስለጠሉትም በደጁ ላይ መስቀያ አቆሙለት! በሐምሌ በረብሻው የተነሳ አምስት ሰዎች በአሰቃቂ ሁኔታ በሞት ተቀጡ።

ሀብቱ ባሕር ማዶም ተሰምቶ ነበር። በ1651 በታተመ ጽሑፍ እንደሚነገረው አንድ የደንከርክ የባሕር ወንበዴ ከ12 ሰዎች ጋር በጀልባ መጥቶ፣ ስፔንሰር ወደ ካነንበሪ በሚሄድበት መንገድ ዳር አድፍጦ ሊጠልፈው ነበር። ማስለቀቂያው 50 ሺህ ፓውንድ እንዲሆን ታስቦ ነበር ይባላል። የዚያን ምሽት ሰውየው ሥራ በዝቶበት ለንደን አደረ።

እኔን የሚስበኝ ግን የልጁ ጉዳይ ነው። አንድ ልጁን ኤልሳቤጥን ዕዳ የበዛበት ወጣት መኳንንት፣ ሎርድ ኮምፕተን ወደዳት። አባት ልጁን ደበቀ፣ መታትም ይባላል። በመጋቢት 1599 ያ የቀድሞ ከንቲባ ልጁን በድሏል ተብሎ ፍሊት የተባለው የለንደን እስር ቤት ገባ። በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥና ኮምፕተን ተጋቡ። ኮምፕተን ዳቦ ጋጋሪ መስሎ ገብቶ በቅርጫት አወጣት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ንግሥቲቱ ለአንድ ሕፃን ክርስትና አባት ሁን ብላው፣ በኋላ ሕፃኑ የገዛ የልጅ ልጁ ሆኖ ተገኘ የሚልም አለ። ሁለቱም ከሐቅ ይልቅ ለጨዋታ ያመቻሉ።

ቀብሩ ላይ 320 ድሆች እያንዳንዳቸው ጥቁር ቀሚስ፣ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ወይን፣ ሻማ፣ ማንኪያ፣ ዓሣና ሁለት እንቁላል ተሰጣቸው። ኮምፕተን ደግሞ የውርሱ ብዛት ሲነገረው ለጊዜው አእምሮውን ሳተ ተባለ።

ኤልሳቤጥ ግን አልሳተችም። ለባሏ የጻፈችው ነው የሚባለው ደብዳቤ የአባቷን የሂሳብ መዝገብ ይመስላል፦ ለራሷ የዓመት አበል፣ ለምጽዋት ሌላ 600 ፓውንድ፣ በተጨማሪም ማንም የማይነካቸው ሦስት የግል ፈረሶች። ፈረሶቹን የምታውሰው እሷ ብቻ ናት፤ የሚዋሰውም እሱ ብቻ።