የመሳያ ድንጋይ ቁጥር ምንድን ነው?

220፣ 1000፣ 6000፣ 8000። ለመሮና ለመላጊያ ምላጭ የሚሆን መሳያ ድንጋይ ጎኑ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ይህ ቁጥር ግሪት ይባላል። ብረቱን የሚበሉት ቅንጣቶች ምን ያህል ደቃቅ እንደሆኑ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቅንጣቱ ይደቃል፣ የሚተወው ጭረትም ይቀጥናል። አቆጣጠሩ የመጣው ከወንፊት ነው፦ በአንድ ኢንች ርዝመት ስንት ቀዳዳ ባለው ወንፊት እንደሚነፋ።

ገዢን የሚያሳስተው መለኪያው አንድ ወጥ አለመሆኑ ነው። በጃፓኑ የደረጃ መለኪያ በጂስ 1000 የተባለው ድንጋይ መካከለኛ ቅንጣቱ 11.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ፌፓ ደግሞ ሁለት መስመር አለው፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ፒ1000 18.3 ማይክሮን ሲሆን፣ ለድንጋይና ለመሞረጃ ጎማ የሚሠራበት ኤፍ1000 ግን 4.5 ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት የተለያየ ሥራ። ስለዚህ የሁለት አምራቾችን ድንጋይ ሲያወዳድሩ ማይክሮኑን ይጠይቁ። የአልማዝ ቅንጣት የተለጠፈበት የብረት ሰሌዳ ከሆነ ማይክሮኑም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሰጥም፤ አዲስ ሳለ በቅንጣት መጠን እኩያው ከሆነው የውሃ ድንጋይ (በውሃ እየራሰ ከሚሠራበት) ይልቅ በጥልቀት ይቧጭራል።

ሁለት ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው በጂስ 1000 እና 6000 የሆኑ የውሃ ድንጋዮች ይበቃሉ። ስፋታቸው 70 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን 50 ሚሊ ሜትር የመላጊያ ምላጭ በምቾት ይቀመጥባቸዋል። 220 የሚያስፈልገው ስለቱ ሲሸረፍ ወይም ማዕዘኑ ሲቀየር ነው፤ ለዘወትር መሳያ ካዋሉት ምላጩን በከንቱ ይጨርሰዋል። የዘይት ድንጋዩ አርካንሳስ ለተራ የካርቦን ብረት ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ካርባይድ (የካርቦንና የብረታ ብረት ውህድ ቅንጣት) በበዛበት ብረት ላይ ግን ሥራው ይንቀራፈፋል።

አብዛኛው ሥራ ያለው 1000ው ላይ ነው። ሰያፉን ፊት በ30 ዲግሪ ይዘው ይሳሉ፤ በጀርባው በኩል የተቀለበሰ ስስ የብረት ጠርዝ ከጥግ እስከ ጥግ በጣት እስኪዳሰስ አይለፉ። ቀድመው ወደ 6000 ከሄዱ ሰያፉ እንደ መስታወት ያበራል፣ ጫፉ ግን እንደዶለዶመ ይቀራል። «ድንጋዩ አይስልም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ጀርባውን በ6000ው ላይ ፍጹም አስተኝተው ጥቂት ጊዜ በማሸት ያንን ጠርዝ ያንሡት።

የውሃ ድንጋይ መሃሉ ቶሎ ይጎደጉዳል፤ የጎደጎደ ድንጋይ ደግሞ የምላጩን ጫፍ ያጎብጠዋል፣ ጀርባውንም ያበላሻል። ገጹ ላይ በእርሳስ መስመሮች አስምረው፣ ወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ፒ220 የብርጭቆ ወረቀት ወይም በሻካራ የአልማዝ ሰሌዳ፣ ውሃ እያፈሰሱ መስመሩ በሙሉ እስኪጠፋ ይሹት። የሚነከረውና ውሃ ብቻ የሚረጭበት ድንጋይም አይምታቱብዎ፤ ቅንጣቶቹ በማግኒዥያ (የማግኒዥየም ውህድ በሆነ ማጣበቂያ) የተያያዙበት ድንጋይ ውሃ ብቻ የሚረጭበት ነው፤ ውሃ ውስጥ ካደረ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅም ሊሰነጠቅ ይችላል።