ስለ ፍሎረንሱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጥር 1563 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሎረንስ ውስጥ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተቋቋመ። ሐሳቡን የገፋው ሠዓሊውና አርክቴክቱ ጆርጆ ቫሳሪ ነው፤ የፈቀደው ደግሞ የከተማዋ ገዢ መስፍን ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ። ስመ ጥር ስለሆነ ብዙ ይወራበታል፤ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ማይክል አንጄሎ የተማረው እዚያ ነው»

አይደለም። አካዳሚው ሲቋቋም ዝነኛው ቀራጺና ሠዓሊ የ87 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ኑሮውም ሮም። ከመስፍኑ ጋር የክብር አለቃ ተባለ እንጂ ተማሪ ሆኖ አያውቅም። በዓመቱ በየካቲት 1564 ሞተ። ያኔ አካዳሚው አቅሙን አሳየ። በሐምሌ ወር የሜዲቺዎች ደብር በሆነው በሳን ሎሬንዞ ለመሳፍንት የሚደረገውን ዓይነት የሐዘን ሥነ ሥርዓት አዘጋጀለት። ድንጋይ ሲጠርብ ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ክብር አልነበረም።

«የተቋቋመው ሥዕል ለማስተማር ብቻ ነው»

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ነገሩ የጀመረው ከቀብር ነው። የፍሎረንስ ሠዓሊዎች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቅዱስ ሉቃስ ስም የሚጠራ ማኅበር ነበራቸው። ሉቃስ እመቤታችንን ሣለ የሚለውን ትውፊት እኛም እናውቀዋለን፤ እነሱም ጠባቂያቸው ያደረጉት በዚሁ ምክንያት ነው። ማኅበሩ እንደኛ እድር ነበር ማለት ይቻላል። በኋላ ተዳከመ። ሞንቶርሶሊ የተባለ መነኩሴ ቀራጺ በአኑንዚያታ ቤተ ክርስቲያን ለሙያ ጓዶቹ የጋራ መቃብር አዘጋጀ፤ የሠዓሊው ፖንቶርሞ አፅምም በ1562 ወደዚያ ፈለሰ። አካዳሚው የተወለደው ማኅበሩን መልሶ ለማቋቋም ከተደረገው ከዚህ ጥረት ነው።

ትምህርት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ጂኦሜትሪም የሰውነት አካል ጥናትም ነበር። ሙያውን ግን ወጣቶቹ በዋናነት የሚለምዱት በየጌታቸው ወርክሾፕ ነበር።

ከትምህርቱ ያልተናነሰው ጉዳይ ክብር ነው። ሠዓሊዎች በሙያ ማኅበር የተመዘገቡት ከሐኪሞችና ከመድኃኒት ሻጮች ጋር ነበር። ቀለም የሚገዙት ከመድኃኒት ሻጭ ነበራ! በ1571 መስፍኑ የአካዳሚውን አባላት ከእነዚህ ማኅበራት ግዴታ ነፃ አወጣቸው።

«ኮሲሞ ያቋቋመው ለጥበብ ካለው ፍቅር ብቻ ነው»

ፍቅሩ ነበረው። ግን ሥልጣኑን የሚያደምቅለት እጅም ይፈልግ ነበር። ልጁ ፍራንቼስኮ በ1565 የኦስትሪያዋን ዮሐናን ሲያገባ ከተማዋን ያስጌጡት የአካዳሚው ሰዎች ናቸው። በነገራችን ላይ ኮሲሞ የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ምስል ያስቀዳ ነበር። በዚያ ስብስብ የኛ ዐፄ ልብነ ድንግልም አሉበት፤ ሥዕሉ ዛሬ በኡፊዚ ሙዚየም ይገኛል።

«ወንድ ሠዓሊዎች ብቻ ነበሩበት»

የሥነ ፈለክ ሊቁ ጋሊሊዮ ሠዓሊ ሳይሆን በ1613 አባል ሆኗል። ሠዓሊዋ አርቴሚዥያ ጄንቲሌስኪ ደግሞ በ1616 ገባች፤ የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

«የዳዊት ሐውልት ያለበት ቤት አካዳሚው ራሱ ነው»

እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ ይደናገራል፤ አይፈረድበትም። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሦስት ተቋማት አሉ። በ1784 ፒዬትሮ ሊዮፖልዶ የተባለው ገዢ የሥዕል ትምህርቱን አደራጅቶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አደረገው። ተማሪዎች የቀደምቶችን ሥራ እያዩ እንዲማሩም ጋለሪ ጨመረለት። ያ ጋለሪ በኋላ ራሱን የቻለ ሙዚየም ሆነ።

ማይክል አንጄሎ የቀረጸው ዳዊትም ለዚያ ቤት የተሠራ አይደለም። ከ1504 ጀምሮ ከመንግሥቱ ቤት ፊት ለፊት አደባባይ ላይ ቆሞ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ኖሯል። ወደ ጋለሪው የገባው በ1873 ነው። አሁን አደባባዩ ላይ የሚታየው ቅጂው ነው። የ1563ቱ አካዳሚ ግን ዛሬም አለ፤ አድራሻው ኦርሳንሚኬሌ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚገኘው የድሮው የሥጋ ሻጮች ማኅበር ሕንፃ ነው።