ማቃም ምንድን ነው? «የዓረብ ስኬል» የሚለው አጠራር ለምን ያሳስታል?

ማቃም የዓረብ ዜማ የሚሠራበት ሥርዓት ነው፤ ስኬል ደግሞ በተርታ የተደረደሩ ኖታዎች ብቻ። ስለ ካይሮ አዲስ ሙዚቃ በተጻፈ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ወጣቶቹ የዓረብን ስኬል ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ቀላቀሉት»። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ማቃም ማለት ሩብ ድምፅ የገባበት ስኬል ነው፤ አንዱን ኖታ ትንሽ ዝቅ ካደረግከው አለቀ» ብሎ ሲጽፍ አየሁ። (ሩብ ድምፅ የግማሽ ድምፅ እኩሌታ ነው።) አላለቀም፤ ገና አልተጀመረም። በዚህ አያያዝ የካይሮዎቹን ሙዚቀኞች የሞሪስ ሉካን ጊታርም ሆነ የናዳ ኤል ሻዝሊን ዜማ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮው የሚጠብቀው ሌላ፣ ሙዚቃው የሚሠራው ሌላ ይሆንበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በያቲ የሚባለውን ማቃም እንውሰድ። መነሻው ሬ ነው፦ ሬ፣ በከፊል ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ)፣ ዶ። ሑሰይኒ የሚባለውን ማቃም ኖታ ብትጽፉት፣ ሲው ሲወጣ ትንሽ ከፍ ሊል ከመቻሉ በቀር፣ ይኸው ነው። ሙሐየርም እንደዚሁ። ሦስት ማቃም፣ ሦስት ስም፣ ከሞላ ጎደል አንድ የኖታ ስብስብ። ታዲያ ካይሮ ያለ ኡድ የሚባለው ባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋች በምን ይለያቸዋል? በአካሄዳቸው። በያቲ ከታችኛው ሬ አካባቢ ተነሥቶ በመጀመሪያዎቹ አራት ኖታዎች ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሶል ላይ ጸንቶ ከዚያ በላይ የሚወጣው። ሑሰይኒ ክብደቱን ላ ላይ ይጥላል። ሙሐየር ደግሞ ከላይኛው ሬ ጀምሮ ይወርዳል። ይህን አካሄድ ሰይር ይሉታል። ማቃምን ማቃም የሚያደርገው ይኸው ሰይር ነው፤ «ስኬል» የሚለው ቃል ደግሞ አውጥቶ የሚጥለው እሱኑ ነው።

አንድ ሰው የታላቅ ሰው ቤት እንግዳ ሆኖ ሲሄድ አስቡት። ስኬል የሚነግራችሁ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው ነው። ማቃም የሚነግራችሁ እንግዳው እንዴት እንደሚገባ ነው። በያቲ ደጅ ላይ ሰላምታ ሰጥቶ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ «ኧረ ወደ ላይ ዝለቅ» እስኪባል አይነሣም። ሶል ላይ ሲደርስ ላይኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤት ብቅ ማለት ይፈቀድለታል፦ ሶልን መነሻ አድርጎ ራስት ወይም ናሃዋንድ ወደሚባሉት ሌሎች ማቃሞች። ሲሄድ ግን የሚወጣው በገባበት በር ነው። ቡና ሳይፈላ ተነሥቶ ጎረቤት የሚገባ እንግዳ እንደሚያሳፍር፣ በያቲን ሳያጸና ወደ ሌላ ማቃም የሚዘል ተጫዋችም አዋቂ አድማጭን ያሳፍራል። ሙሐየር ደግሞ የቤቱ ልጅ ነው፤ መጀመሪያውኑ ከላይ ተቀምጦ ነበርና ወርዶ ይቀበላችኋል። ዜማው ወደ መነሻው ሲመለስ የሚዘጋበትን አዘጋግ ቀፍላ ይሉታል። ያማረ ቀፍላ ሲሆን አድማጩ «አላህ!» ብሎ ይጮኻል። የሚጮኸው ስለ መመለሱ ነው፤ ለሩብ ድምፅ ብሎ የሚጮኽ የለም።

ይህ ያላሳመነው ሰው ሳባ የሚባለውን ማቃም ይመልከት። ሬ፣ በከፊል ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ዶ እያለ ይወጣል። ቀጥሎ ላይኛው ሬ መምጣት ነበረበት፤ የሚመጣው ግን ሬ ፍላት ነው። ኦክታቩ (ከአንዱ ሬ እስከሚቀጥለው ሬ ያለው ርቀት) አይዘጋም። ምክንያቱም ሳባ የተሠራው ጂንስ ከሚባሉ አጫጭር የኖታ ቡድኖች ነው፦ ከታች የራሱ የሳባ ጂንስ፣ ፋ ላይ ሒጃዝ የሚባለው ጂንስ፣ ዶ ላይ ሌላ ሒጃዝ። ኦክታቭ የማይዘጋን ነገር በምን ሒሳብ ስኬል እንለዋለን?

ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። ትዝታ ሜጀርና ባቲ ማይነር መነሻቸው ቢለያይም በአንድ ዓይነት አምስት ድምፆች ሊጻፉ ይችላሉ፤ ክራር እየሰማ ያደገ ሰው ግን አያምታታቸውም። በዜማ ቤትም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚለዩት ኖታ በመቁጠር አይደለም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ነው የሚያውቃቸው። ግብፃዊቷ ዘፋኝ ኡም ኩልሱምና ዜማ ደራሲው ሼክ ዘካሪያ አሕመድም ማቃምን የለመዱት ቁርኣን ከመቅራት ነው።

ሩብ ድምፅ ራሱም ቢሆን አስተያየት ሰጪው እንዳሰበው አይደለም። ኦክታቭን ለ24 እኩል ክፍል የመክፈልን ሐሳብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ ያስፋፋው የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊው ሚኻኢል ሚሻቃ ነው። በ1932 ንጉሥ ፉአድ ካይሮ ላይ የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ጠሩ፤ የአውሮፓ ሙዚቃ ደራሲዎቹ ባርቶክና ሂንደሚት ሳይቀሩ በተገኙበት፣ ተሰብሳቢዎቹ በዚሁ ጉዳይ ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያዩ። አለመስማማታቸው ትክክል ነበር። የበያቲ ሚ ከራስት ሚ ዝቅ ይላል። የራስትን ሚ ደግሞ ቱርኮች ከግብፆች ከፍ አድርገው ይጫወቱታል። «50 ሴንት» የሚባለው (ሩብ ድምፅ፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው) ለመጻፍ የሚመች ስምምነት ነው። ሁሉን ነገር በመለኪያ መለካት ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ኖታውን በጥቂቱ ሊያዛንፈው ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ቅጂ ለክታችሁ ሕግ አታውጡ። በጆሮ የሚቃኝ ማሲንቆም እንዲሁ ነው።

እውነተኛው ችግር ያለው ማሽኑ ላይ ነው። በ1983 የወጣው፣ ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚግባቡበት ሚዲ የሚባለው ሥርዓት ለኖታዎች ከ0 እስከ 127 ቁጥር ይሰጣል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ግማሽ ድምፅ እንዳለ አድርጎም ያስባል። ድምፅን ማጣመም ይቻላል፤ ግን ማጣመሙ በዚያ ቻናል ላይ ያለውን ኖታ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ሚን ዝቅ ላድርግ ስትሉ አብሮ የተመታው ላ አብሮ ይወርዳል። «ለምሥራቅ ሙዚቃ» ተብለው የሚሸጡት ኪቦርዶች የመረጣችሁትን ኖታ በቁልፍ 50 ሴንት ዝቅ ያደርጉላችኋል፤ ቅኝቱን ራሳችሁ ካላስተካከላችሁት ግን ዝቅ የሚለው ለበያቲም ለራስትም እኩል ነው። ኢራቃዊው ሙዚቀኛ ኪያም አላሚ በ2021 ከአጋሮቹ ጋር አፖቶሜ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር መሣሪያ ያወጣው ይህን ጫና ለመስበር ነው፤ ቅኝቱን የሚመርጠው ተጠቃሚው ነው።

«ቀላቀሉት» የሚለው ቃል የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። ሞሪስ ሉካ በ2021 ባወጣው «ሳዕት ኤል ሐዝ» ሩብ ድምፅ እንዲያወጣ ተደርጎ የተሠራ ጊታር ይዞ ሲመጣ፣ በተዘጋጀ ነገር ላይ ቅመም እየነሰነሰ አይደለም። መሣሪያውን ራሱን ነው የለወጠው፤ ያኔ ሰይሩ መንገድ ያገኛል። ናዳ ኤል ሻዝሊም በ2017 በወጣው «አሕዋር» አልበሟ የግብፃዊውን ዜማ ደራሲ የሰይድ ዳርዊሽን ዶር ፈትታ እንደገና ሠርታዋለች። ዶር ማለት ዘፋኙና ተቀባዩ «አህ» እያሉ አንዱን ሐረግ እየተቀባበሉ ማቃሙን የሚያስፋፉበት የዘፈን ዓይነት ነው። ዳርዊሽ የሞተው በ1923 ነው፤ የተወው የዜማ አካሄድ ግን ዛሬም ይሠራል።

ደግሞ «ሙከራው ከምዕራብ የመጣ ነው» የሚሉ አሉ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በ1944 ካይሮ ላይ የዛርን ሥነ ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀርጾ፣ በሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን እየነጣጠለና እያስተጋባ ሥራ ሠርቷል። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ተመሳሳዩን ያሰማው ከአራት ዓመት በኋላ በ1948 ነው። ይኸው ኤል ዳብ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1963 ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አንድ ላይ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተውም እሱ ነው። የዛሩን ቅጂ ስትሰሙት ግን በያቲ ወይም ሳባ ብላችሁ አትፈልጉ፤ እሱ ያተኮረው የድምፁ ቀለም ላይ ነበር። ዛሬም ከካይሮ የሚወጣ የሙከራ ሥራ ሁሉ ማቃም አይደለም። የካይሮው ኪቦርድ ተጫዋች ኢስላም ቺፕሲ ኪቦርዱን በቡጢ ሲመታ በአንድ ጊዜ የሚወጡትን ኖታዎች ማቃም ብሎ መሰየም አይቻልም፤ በመካከላቸው የሚሮጠው የሻዕቢ (የተራው ሕዝብ ሙዚቃ) ዜማ ግን ለይቶ ይሰማል።

የኤል ሻዝሊንና የቆየውን የዳርዊሽ ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስሟቸው። ኖታ አትቁጠሩ። ዜማው መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ለምን ያህል ጊዜ እዚያ እንደቆየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የት ላይ እንደወጣና በየትኛው በኩል እንደተመለሰ ተከታተሉ።